የመስኮት አበባና የጓሮ አበባ

አበባን የማይወድ ሰው የለም ቢባል ሐሰት አይሆንም። ነገር ግን አበባን መውደድና አበባን ማሳደግ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። መውደድ የዓይን ሥራ ሲሆን፣ ማሳደግ የእጅና የልቡና ሥራ ነው። ዓይን በየመስኩ የበቀለውን ሁሉ አድንቆ ያልፋል፤ እጅ ግን ከብዙው አንዱን መርጦ ወደ ቤቱ ያስገባል፣ ያጠጣል፣ ከብርድና ከሐሩር ይጠብቃል። ስለዚህ የአንድ አገር ሰዎች የትኛውን አበባ ወደ ቤታቸው እንዳቀረቡና ስለ ምን እንዳቀረቡት መመርመር የሕዝቡን ታሪክ እንደ መመርመር የሚቈጠር ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ስለ ሁለት አበቦች፣ ይኸውም ስለ አንዲት የመስኮት አበባና ስለ አንድ የጓሮ አበባ፣ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ለማቅረብ አስበናል።

ለጽሑፉ ምክንያት የሆነን ነገር ትንሽ ነው። በጎንደር ከተማ በምንሠራበት ክፍል መስኮት ላይ በሸክላ የተተከለች አንዲት ሐምራዊ አበባ አለች። ቅጠሏ እንደ ከፋይ የለሰለሰ፣ አበባዋም ከቅጠሉ መካከል በአጭር አገዳ ላይ የሚወጣ ነው። ስሟም የአፍሪካ ቫዮሌት ይባላል። አንድ ቀን ለጉዳይ የመጡ አንዲት አሮጊት እናት ተራቸውን ሲጠብቁ አበባዋን ትክ ብለው ሲመለከቱ ቈዩና፣ «ልጆቼ፣ ይህች ደግሞ ምን ታደርጋለች?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም፣ «ለዓይን ብቻ ናት፣ እማማ፤ ሌላ ጥቅም የላትም» ብለን መለስን። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «እናንተስ የደላችሁ ናችሁ። በኛ ጓሮ ሥራ ፈት ተክል አልነበረም። እንሶስላው እንኳ ያን የመሰለ አበባ አብቦ ሲያበቃ ሥሩን እንሞቀው ነበር» አሉን።

ይህ አነጋገር ከልባችን ሳይጠፋ ሰነበተ። የአሮጊቷ ጥያቄ ከአበባ ፍቅር ጉድለት የመጣ አለመሆኑን የአገሩን ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። ነገሩን ከመሠረቱ ለመናገር ግን ወደ ጥንታዊቷ ጎንደር መመለስ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል፤ የበዓላቱ ቀኖች ግን በአገራችን አቈጣጠር ናቸው።

በጎንደር የቈየው የአበባ ፍቅር

ጎንደር በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 መናገሻ ካደረጓት ጀምሮ ስለ ግንቦቿ ብዙ ተጽፏል። በ1979 የነገሥታቱ ግቢ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህም የጎብኚው ሁሉ ዓይን በድንጋዩና በኖራው ላይ ያርፋል። በግንቦቹ ዙሪያ በየቤቱ ጓሮ ይበቅል ስለ ነበረው ነገር የሚናገር ግን ጥቂት ነው።

ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ እስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በየካቲት ወር 1770 ጎንደር ገብቶ እስከ 1771 መጨረሻ ድረስ በአገሩ ቈየ። በመንግሥቱ ቤተ ሰቦች ዘንድ በፈንጣጣ የታመሙትን በማስታመሙም ባለሟልነት አገኘ። በ1790 በአምስት ክፍል ባሳተመው መጽሐፍ፣ በመጨረሻው ክፍል፣ ስለ አገራችን ዕፀዋትና እንስሳት ጽፏል። በዚያ ከተገለጹት ዛፎች አንዱ ዋንዛ ነው። ብሩስ እንደሚለው ዋንዛ በጎንደር በየቤቱ አጠገብ የሚተከል ዛፍ ነበረ፤ የክረምቱ ዝናብ አባርቶ ሰማዩ ሲጠራም ዛፉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ነጭ አበባውን ስለሚፈታ ከተማዋ በረዶ የወረደባት ትመስል ነበር። የዋንዛን ጥቅም ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልግም። ጥላው ማረፊያ፣ ፍሬው ለልጆች መብል፣ እንጨቱም ለበርና ለመስኮት፣ ለገበታም የሚሆን ነው። እንግዲህ ከተማይቱን በመስከረም ነጭ የሚያለብሳት ዛፍ ለአበባው ሲባል ብቻ የተተከለ አልነበረም፤ አበባው የጥቅሙ ምርቃት ነበረ።

አበባ ስለ ራሱ ውበት የሚከበርበት ስፍራ ደግሞ ሌላ ነበር፤ እርሱም ቤተ ክርስቲያን ነው። እቴጌ ምንትዋብ ከከተማው በስተ ምዕራብ ባለው ከፍታ ላይ ቤተ መንግሥታቸውንና ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን አሠርተዋል። ቁስቋም እመቤታችን ልጇን ይዛ በተሰደደች ጊዜ ያረፈችበት የግብፅ ተራራ ስም ነው። የስደቱ መታሰቢያ የሆነው ወራት ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ 40 ቀን ሲሆን፣ ስሙም ዘመነ ጽጌ፣ ማለት የአበባ ዘመን ነው። በየእሑዱ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፤ በማግሥቱ ኅዳር 6 ቀን የቁስቋም በዓል ይከበራል። ጊዜውም አደይ አበባ መስኩን ሸፍኖ ቀስ በቀስ የሚረግፍበት ነው። ሊቃውንቱ እናትን በአበባ፣ ልጅን በፍሬ፣ አንዳንድ ጊዜም እናትን በተክል፣ ልጅን በአበባ እየመሰሉ ያመሰግናሉ። ጸሓፊዎችም የብራና መጽሐፋቸውን መጀመሪያ በቀለም ሲያስጌጡ ጌጡን «ሐረግ» ብለው መጥራታቸው የተክል ውበት ከዓይናቸው ያልራቀ መሆኑን ያመለክታል።

ከዚህ የምንረዳው፣ የጎንደር ሰው አበባን በሁለት ወገን ያውቀው እንደ ነበረ ነው። በመስክና በማኅሌት ስለ ውበቱ ያመሰግነዋል፤ በጓሮው ግን የሚያገለግለውን መርጦ ይተክላል። ጤና አዳም ለቡናና ለሆድ ሕመም፣ በሶብላ ለበርበሬና ለሽሮ፣ ኮሰረት ለቅቤ ማንጠሪያ፣ ጌሾ ለጠላና ለጠጅ፣ አሪቲ ለመልካም ሽታው ይተከላል። ከነዚህ መካከል ውበቱና ጥቅሙ እኩል የሚመዘንለት አንድ ተክል አለ፤ እርሱም አሮጊቷ ያነሡት እንሶስላ ነው።

ስለ እንሶስላ

እንሶስላ እርጥበትና ጥላ ባለበት፣ በወንዝ ዳርና በጫካ ጠርዝ የሚበቅል የደጋና የወይና ደጋ ተክል ነው። ከሰው ጓሮም ገብቶ በአጥር ሥርና በውሃ መውረጃ አጠገብ ይተከላል። ክረምት ሲገባ ከመሬት ውስጥ ካለው ድንች መሳይ ሥሩ ለምለም አገዳ ይወጣል፤ ሲመቸው የሰው ቁመት ያህል ይደርሳል። አበባው ነጭ ሆኖ ከጕሮሮው ላይ ቀይ ሐምራዊ ጭረት አለው። ከኋላውም እንደ ቀጭን ጅራት የረዘመ የማር ከረጢት ይወርዳል፤ ሽታው በምሽት ይበረታል። ፍሬው በደረሰ ጊዜ በጣት ሲነኩት ፈንድቶ ዘሩን ወዲያና ወዲህ ይበትናል። በጋ ሲሆን አገዳው ደርቆ ይጠፋል፤ ሥሩ ግን ከአፈር በታች ተኝቶ የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቃል።

ሴቶች ይህን ሥር ቈፍረው ያጥቡታል፣ ይወቅጡታል፤ ልቍጡንም በእጅና በእግር ላይ ለጥፈው በጨርቅ ወይም በቅጠል አስረው ያሳድሩታል። ሲፈታ ቆዳው ቀልቶ ይገኛል፤ ደጋግመው ሲሞቁት ደግሞ ወደ ጥቍረት ያደላል። እንሶስላ መሞቅ ለሠርግና ለዓመት በዓል ጌጥ ነው፤ እግርን ከመሰንጠቅና ከቆዳ በሽታ ይጠብቃል እየተባለም ይሞቃል። በዘመናችን የኬሚስትሪ ሊቃውንት ሥሩን መርምረው ቀለም ሰጪው ነገር ከሂና ቀለም ጋር አንድ ወገን መሆኑን አረጋግጠዋል። ይኸው ወገን አንዳንድ የቆዳ ፈንገስን የመቃወም ኃይል ያለው በመሆኑ የእናቶች አነጋገር ከባዶ የመነጨ አልነበረም።

የእንሶስላ እርሻ የሚባል ነገር የለም፤ ታሪኩን የያዘለት ዜና መዋዕልም የለም። ሥሩ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከጐረቤት ወደ ጐረቤት፣ በመሐረብ ጫፍ ተቋጥሮ ሲተላለፍ ኖረ። ወደ መጽሐፍ የገባው በሩቅ አገር ሰዎች እጅ ነው። ይህንም በአጭሩ እንመልከት።

አበቦቻችን በመጽሐፍ የተጻፉበት መንገድ

ብሩስ ወደ ጎንደር ሲመጣ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሰው የሆነ ኢጣልያዊ ሠዓሊ አብሮት ነበረ። ከዕፀዋቱ ሥዕል የሚበዛውን የሠራው ባሉጋኒ ነው። እርሱ ግን በ1771 በጎንደር ሞቶ ቀረ። ብሩስም መጽሐፉን ባሳተመ ጊዜ የሠዓሊውን ድካም እንደሚገባ አልመሰከረለትም። ሥዕሎቹ በባሉጋኒ ስም ተሰብስበው በመጽሐፍ የወጡት ከ200 ዓመት በኋላ በ1991 ነው። ብሩስ በተቅማጥ ታሞ ሳለ የአገር ሰዎች ባሳዩት በዋጊኖስ መዳኑን ስለ ጻፈ የኤውሮፓ ሊቃውንት ዋጊኖስን በስሙ «ብሩሴያ» አሉት። ለኮሶ ደግሞ ብሩስ ራሱ በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም «ባንክስያ» የሚል ስም አወጣለት፤ ያ ስም ግን አስቀድሞ ለአውስትራልያ ተክል ተሰጥቶ ስለ ነበረ ኮሶ በአንድ የጀርመን ሊቅ ስም «ሐጌንያ» ተባለ። የዳነው በአገር ሰው እውቀት፣ ስሙ ግን የእንግዳው ሆነ።

ከብሩስ በኋላ በ19ኛው መቶ ዓመት የመጡት ሥራቸው ይልቁንም ዕፀዋትን መሰብሰብ ነበረ። ጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐር በ1837 ገብቶ በሰሜን ተራሮችና በትግራይ ሲሰበስብ ኖሮ በ1878 በዐድዋ ዐረፈ። ሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች፣ ካርተን ዲሎንና አንቷን ፔቲ፣ ለዚሁ ሥራ መጥተው ሁለቱም ወደ አገራቸው ሳይመለሱ ቀሩ። አንዱን ንዳድ፣ ሌላውን በዓባይ ውስጥ አዞ ገደላቸው። እነርሱ የሰበሰቡትን መሠረት በማድረግ አሺል ሪሻር የተባለው የፓሪስ ሊቅ ከ1847 እስከ 1851 ድረስ ስለ ኢትዮጵያ ዕፀዋት ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። እንሶስላም በሊቃውንት ቋንቋ ስሙን ያገኘው በዚህ መጽሐፍ ነው፤ «ኢምፓቲየንስ ቲንክቶሪያ» ተባለ። የመጀመሪያው ቃል ትዕግሥት የለሽ ማለት ሲሆን፣ ፍሬው ሲነካ የሚፈነዳ ስለሆነ ለወገኑ ሁሉ የተሰጠ ነው። ሁለተኛው ቃል ግን ለማቅለሚያ የሚሆን ማለት ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ትንሽ እንዲያርፍ እንለምናለን። ዋጊኖስ የመንገደኛውን ስም፣ ኮሶ የሩቅ ሊቅ ስም ሲሸከሙ፣ እንሶስላ ብቻ የእናቶቻችንን ሥራ በስሙ ይዞ ፓሪስ ገባ። የሴቶቹ ስም አልተጻፈም፤ እውቀታቸው ግን ተጽፏል።

በሰሜን ተራሮች ያለው ጅብራም በዚያው ዘመን በመጽሐፍ ገብቷል። እርሱ ግን በሸክላ የሚገባ አይደለም። ብርድና ውርጭ ባለበት ከፍታ ላይ ብዙ ዓመት ቅጠል ብቻ ሆኖ ኖሮ፣ አንድ ጊዜ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ የአበባ ዓምድ አቁሞ ይሞታል። እንዲህ ያለውን አበባ የሚጠብቀው ስፍራውን መጠበቅ ነው። ስለዚህም የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 በሕግ ተከለለ፤ በ1978ም ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች መካከል ተመዘገበ። በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገብቶ ከቈየ በኋላ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጥቷል።

የአፍሪካ ቫዮሌት ከዱር ወደ መስኮት

አሁን በመስኮታችን ላይ ወዳለችው እንመለስ። የአፍሪካ ቫዮሌት ስሟ እንደሚያታልለው የቫዮሌት ዘመድ አይደለችም። እውነተኛው ቫዮሌት በአገራችን ደጋ በሣር መካከል የሚበቅል፣ «ቪዮላ አቢሲኒካ» የሚባል ትንሽ የዱር አበባ ነው። የመስኮቷ አበባ አገር ግን በዛሬዋ ታንዛንያ፣ በኡሳምባራ ተራሮች ነው። በዚያ የሻምባ ሕዝብ በሚኖርበት አገር፣ በጥቅጥቅ ደን ጥላ ሥር፣ በድንጋይ ስንጣቂና በፏፏቴ አጠገብ ትበቅላለች።

በ1892 አገሩ በጀርመኖች ቅኝ ግዛት ሥር ሳለ ዋልተር ፎን ሴንት ፖል የተባለ የመንግሥታቸው ሹም ተክሏን አግኝቶ ወደ አባቱ ወደ ጀርመን ላከ። አባቱም በሐኖቨር ለነበረው የንጉሣዊ የአትክልት ስፍራ አስተዳዳሪ ለኸርማን ቬንድላንድ ሰጠው። ቬንድላንድ በ1893 «ሴንትፖልያ ዮናንታ» የሚል ስም አወጣላት፤ ትርጓሜውም የሴንት ፖል ቫዮሌት መሳይ አበባ ማለት ነው። እንግሊዞች ከዚያ በፊት በ1884 ናሙናዋን አግኝተው ነበር፤ ነገር ግን ናሙናው የማይበቃ ስለ ነበረ ስም ሳይሰጧት ቀሩ። በ1926 በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ያሉ አበባ ነጋዴዎች ዘሯን ከጀርመንና ከእንግሊዝ አስመጥተው ዘሩ፤ ከበቀለው ብዙ ሺህ መካከልም 10 ዓይነት መርጠው ለገበያ አወጡ። በ1946 ወዳጆቿ ማኅበር አቋቋሙላት። ከዚያ ወዲህ ነጭ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊና ድርብ አበባ ያላቸው ልጆቿ በሺህ የሚቈጠሩ ሆነው በዓለም መስኮቶች ሁሉ ላይ ተቀመጡ።

ነገር ግን ሁለት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። መጀመሪያ፣ የሹሙ ስም አልጸናም። ሊቃውንት በ2015 ዝምድናዋን መርምረው «ስትሬፕቶካርፐስ» ከሚባለው ወገን ጋር ስለ ደባለቋት ሴንትፖልያ ዛሬ የንኡስ ክፍል ስም ብቻ ነው። ሁለተኛውና የሚያሳዝነው፣ በመስኮት የበዛችው አበባ በአገሯ ደን ውስጥ መመንመኗ ነው። ደኑ ለእርሻና ለእንጨት ስለሚቈረጥ ከዱር ዓይነቶቿ ብዙዎቹ ከመጥፋት አደጋ ላይ ናቸው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ አበባን በሸክላ ማሳደግ ብቻ አበባን ማዳን አለመሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ሸክላው የሚያስተምረው ታላቅ ነገር አለ፤ እርሱም ጥንቃቄ ነው።

የአፍሪካ ቫዮሌት አያያዝ

አያያዟን የተማርነው በጥፋታችን ነው። መጀመሪያ የተሰጠችንን አበባ ከመውደዳችን የተነሣ በየማለዳው ከጀሪካን በቀዳነው ቀዝቃዛ ውሃ ከላይ እናጠጣት ነበር። ጥቂት ሳምንት ሳይቈይ ቅጠሏ ቢጫ ነጠብጣብ አወጣ፤ ቀጥሎም ጕንቍሏ በሰበሰና ወደቀች። ውሃ የጠማት መስሎን የበለጠ አጠጣናት፤ እርሱም ፈጽሞ አጠፋት። አንድ ጤነኛ ቅጠል ብቻ ተረፈ። ዛሬ በመስኮታችን ያለችው የዚያች ቅጠል ልጅ ናት።

የቫዮሌት ጠባይ ከተወለደችበት ስፍራ ይታወቃል። የደን ጥላ ለምዳለችና ብርሃን እንጂ ቀጥተኛ ፀሐይ አትወድም። በኛ ከፍታ የቀትር ፀሐይ ቅጠሏን ስለሚያቃጥል የማለዳ ብርሃን የሚያገኝ የምሥራቅ መስኮት ይስማማታል፤ በሌላ ወገን ያለ መስኮት ሲሆን ስስ መጋረጃ ይጋረድላት። ሙቀቱ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ደስ ይላታል፤ ከ15 በታች ሲወርድ እድገቷ ይቆማል። በጎንደር የኅዳርና የታኅሣሥ፣ የጥርም ሌሊት ስለሚበርድ ማታ ማታ ከመስተዋቱ አርቆ ወደ ክፍሉ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። በዳባትና በደባርቅ ደግሞ ብርዱ የጠነከረ ስለሆነ ቦታዋ ከመስኮት ይልቅ በብርሃን አቅራቢያ ያለ ጠረጴዛ ነው፤ የምድጃ ጢስ ከሚደርስበት ግን መራቅ አለባት።

ሸክላዋ ትንሽ ይሁን፤ ስፋቱ ከቅጠሏ ክብ አንድ ሦስተኛው ቢሆን ይበቃል፣ ከታቹም ቀዳዳ ይኑረው። አፈሩ እንደ ጭቃ የሚጣበቀው ዋልካ አይሆናትም። በደንብ የበሰበሰ ቅጠል፣ የታጠበ አሸዋና ጥቂት ቀይ አፈር ተደባልቆ በእጅ ሲጨበጥ የሚፈረፈር መሆን ይገባዋል። ውሃዋ አድሮ ለብ ያለ ይሁን። ሸክላውን በሰሃን ላይ አስቀምጦ ውሃውን ከሰሃኑ ማፍሰስ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላም የተረፈውን መድፋት መልካም ነው። ጣትን ከአፈሩ ላይ አድርጎ ደረቅ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ዳግመኛ ማጠጣት ነው እንጂ ቀን ቈጥሮ ማጠጣት አይገባም። የምትፈልገው ውሃ ጥቂት ስለሆነ ቧንቧ በሚቋረጥበት ሰሞን እንኳ ለእርሷ አይታጣም።

ለማራባት ጤነኛ ቅጠል ከነአገዳው ተቈርጦ፣ አገዳው ወደ 3 ሴንቲሜትር ያህል እንዲሆን አሳጥሮ በእርጥብ አሸዋ መትከል ነው። ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ከሥሩ ጥቃቅን ቅጠሎች ይወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ እየለዩ መትከል ነው። ለማበብ ከ6 ወር በላይ መታገሥ ያስፈልጋል። የጠወለገውን አበባና ቅጠል እየለቀሙ መጣልም አይረሳ።

የሁለቱ አበቦች ነገር

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ከተማርን በኋላ የአሮጊቷ ንግግር በሌላ ትርጕም ታየን። የሩቅ ደን አበባ ውሃዋ ለብ እንዲልላት ስንጨነቅ፣ በገዛ ጓሯችን ሲበቅል የኖረውን እንሶስላ የት እንዳለ እንኳ አናውቅም ነበር። ዛሬ በከተማ ግቢ ይጠባል፤ በአጥሩ ሥር ሲሚንቶ ይፈሳል፤ የጥፍር ቀለምም ከሱቅ ይገዛል። ይህንን እንደ ክፉ ነገር አንቈጥረውም። ነገር ግን ሥሩ የሚቀበልበት ጓሮ ሲጠፋ፣ መቼ እንደሚቈፈር፣ የትኛው ለዘር እንደሚቀር፣ እንዴት እንደሚወቀጥ የሚያውቁትም እናቶች ሲያልፉ፣ ተክሉ በወንዝ ዳር ቢገኝ እንኳ እውቀቱ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት መተላለፉን ያቆማል። በፓሪስ የተጻፈው ስም ለማቅለሚያ የሚሆን እያለ ሲኖር፣ ማቅለሙን የሚያውቅ ሰው ባገሩ ቢታጣ ነውሩ የማን ይሆናል?

ስለዚህ አሮጊቷ ጉዳያቸውን ሊጨርሱ ዳግመኛ በመጡ ጊዜ ጥቂት ሥር እንዲያመጡልን ለመንናቸው። እርሳቸውም በሦስተኛው ቀን ሦስት ፍሬ በመሐረብ ጫፍ ቋጥረው አመጡና፣ «እንግዲህ ይኼኛውን እንደዚያችኛዋ አትንከባከቡት፤ ጠባዩ ሌላ ነው» ብለው አያያዙን ነገሩን። የነገሩንም ይህ ነው፦ እንሶስላ ሥሩ የሚሰፋበት ጥልቅ ዕቃ ይፈልጋል፤ ከታች የተበሳ ትልቅ የዘይት ጣሳ ይበቃዋል። በብስባሽ የዳበረ አፈር፣ የጧት ፀሐይና የቀትር ጥላ ይስማሙታል። በሚያድግበት ወራት ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፤ በዚህ ከቫዮሌት ፈጽሞ ይለያል። በበጋ አገዳው ሲደርቅ ሞተ ተብሎ መጣል የለበትም፤ አፈሩ እንደ ድንጋይ እንዳይደርቅ ብቻ አልፎ አልፎ እርጥበት ቢያገኝ ይበቃል። ሲቈፈርም ሁሉ አይቈፈርም፤ አንዱ ሁልጊዜ ለከርሞ ይቀራል።

ከዚህ የመጨረሻ ቃል የሚበልጥ ትምህርት በመጽሐፍ አላገኘንም። የኡሳምባራን ደን የቈረጡት ለከርሞ አንድ አላስቀሩም፤ እናቶቻችን ግን ለጌጥ ሲቈፍሩ እንኳ አስቀርተዋል። መምህራን በትምህርት ቤታቸው ግቢ፣ የመንግሥት ሠራተኞች በመሥሪያ ቤታቸው በረንዳ፣ ተማሪዎችም በቤታቸው ደጃፍ አንድ አንድ የእንሶስላ ጣሳ ቢያስቀምጡ ወጪው ከምንም አይቈጠርም። ተማሪው ሥሩን ከአያቱ ለምኖ፣ ስሙንና ሥራውን ከአፏ ሰምቶ በደብተሩ ቢጽፍ ደግሞ ሪሻር በፓሪስ የጀመረውን መጽሐፍ በአገሩ ቋንቋ ፈጸመው ማለት ነው። የአፍሪካ ቫዮሌትንም አንጥላት፤ የአህጉራችን ልጅ ናት፣ ጥንቃቄንም አስተምራናለች። በአንድ መስኮት ላይ ሁለቱም ይኖራሉ።

ይህን ስንጽፍ ወራቱ በጋ ነው። ቫዮሌቷ በመስኮቱ ላይ አብባለች፤ በአጠገቧ ያለው ጣሳ ግን አፈር ብቻ ይታይበታል። ወደ ክፍላችን የሚገቡ ባለጉዳዮች፣ «ይህስ ባዶ ጣሳ ምን ያደርጋል?» እያሉ ይጠይቁናል። እኛም፣ «ባዶ አይደለም፤ ክረምት ይጠብቃል» እንላቸዋለን።